የካምፓኒ ፋውንዴሽን "ለፕሮጀክት እንጂ ለደሞዝ አንሰጥም" ሲል ምን ታደርጋላችሁ?

ማለዳ_1

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው ይዤ የመጣሁት፣ እባካችሁ ታገሱኝ።

በሰፈራችን ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ቁጭ ብለው የሚያጠኑበት አንድ ክፍል አለችን። ማህበሩ ትንሽ ነው ግን በወጉ የተመዘገበ ነው፣ ቦርድ አለው፣ ሂሳቡን በየዓመቱ ያስመረምራል። 40 ልጅ አካባቢ ይመጣል። የሚያስጠኑት በሙሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ደሞዝ የሚከፈላት አስተባባሪያችን ብቻ ናት እሷም የግማሽ ቀን። እኔ የቦርዱ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ በነጻ ነው የምሰራው።

ይቺ አስተባባሪ ምን እንደምትሰራ ልንገራችሁ። ጠረጴዛዋ ላይ የስም ደብተር አላት፣ ሁለት ቀን ተከታትሎ የቀረ ልጅ ስሙ ስር በቀይ ይሰመርበታል፣ በሦስተኛው ቀን ለወላጅ ትደውላለች። ባለፈው አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጠፋ፣ ስትደውል ለካ የእናትየው የሥራ ሰዓት ተቀይሮ ታናሽ እህቱን የሚጠብቃት እሱ ሆኗል። "እሷንም ይዟት ይምጣ" አለቻቸው፣ ጥግ ላይ ምንጣፍ አነጠፈችላት፣ ልጁ በማግስቱ ተመለሰ። እኔ እንግዲህ ማህበራችን ምንድነው ብባል ያ ደብተር ነው የምለው።

አሁን የአንድ ትልቅ ካምፓኒ ፋውንዴሽን ለአካባቢ ማህበራት ድጋፍ እሰጣለሁ ብሎ ማመልከቻ ከፍቷል። ገንዘቡ ለእኛ ብዙ ነው፣ የዓመት ወጪያችንን ግማሽ ይሸፍናል። ግን ፎርሙን ስከፍተው "ፈጠራ የታከለበት አዲስ ፕሮጀክት" ይላል፣ "ለደሞዝ፣ ለኪራይና ለመደበኛ ወጪ አይውልም" ይላል፣ ለአስተዳደር ከ10 በመቶ በላይ አይፈቀድም፣ የአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ የተጠቃሚ ብዛት እና ፎቶ ይፈልጋሉ።

ቦርዱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ታብሌት ገዝተን ዲጂታል ትምህርት ነው ብለን እንጻፍ፣ ገንዘቡ ይግባ እንጂ ከውስጡ የአስተባባሪዋን ደሞዝ ቀስ ብለን እናወጣዋለን" ይላል። እኔ ደግሞ ሆዴ እምቢ አለኝ። ልጆቹ የጎደላቸው ታብሌት አይደለም፣ የምትጠብቃቸው ሰው እንዳትሄድባቸው ነው። በሌላ በኩል የኪራይ ውላችን በስድስት ወር ያልቃል፣ እምቢ ብዬ ክፍሉ ቢዘጋስ ማን ነው ተጠያቂው?

እንዲህ ያለ ፋውንዴሽን ውስጥ የሰራችሁ ወይም ከእነሱ ገንዘብ የወሰዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። እነዚህ ሰዎች ደሞዝ ሲባል ለምንድነው የሚሸሹት? እውነቱን ብንጽፍላቸው ያነቡታል ወይስ ገና ሲያዩት ይጥሉታል?


የቀድሞ_ገምጋሚ

እህቴ ማለዳ፣ ሆድሽ እምቢ ያለው ልክ ነው። እኔ አንድ የካምፓኒ ፋውንዴሽን ውስጥ ስድስት ዓመት ማመልከቻ አንብቤያለሁ፣ ስለዚህ ከዛኛው ወገን ሆኖ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ከየትኛው ዓይነት ፋውንዴሽን ጋር እንደምትነጋገሪ እወቂ። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ነገራቸው በጣም ይለያያል። ፋውንዴሽኑ ራሱ የካምፓኒው ባለቤት የሆነበት አለ፣ ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ የሮበርት ቦሽ ፋውንዴሽን ከቦሽ ካምፓኒ አክሲዮን ከመቶ 94 አካባቢውን ይዟል፣ ህንድ ውስጥ ደግሞ የታታ በጎ አድራጎት ትረስቶች የታታ ካምፓኒዎች እናት የሆነውን ታታ ሰንስን 66 በመቶ ያህል ይዘዋል። እንዲህ ዓይነቱ አስር ዓመት አስቀድሞ ማቀድ ይችላል። ሁለተኛው የራሱ ተቀማጭ ሀብት ኖሮት ከትርፉ የሚሰጥ ነው። ሦስተኛው፣ በብዛት የምታገኚው ማለት ነው፣ ካዝናው ባዶ የሆነ ፋውንዴሽን ነው። ካምፓኒው በየዓመቱ ከትርፉ ይሞላዋል፣ እሱ ደግሞ በዛው ዓመት ያከፋፍለዋል። የኛ እንደዛ ነበር። የካምፓኒው ትርፍ የወረደ ዓመት እኛ ስልክ ማንሳት እንፈራ ነበር፣ ምክንያቱም ቃል የገባንላቸው ሰዎች ነበሩ። "የአንድ ዓመት ብቻ" የሚለው ሁልጊዜ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፣ የሚቀጥለውን ዓመት ገንዘብ እነሱ ራሳቸው ስለማያውቁት ነው።

ደሞዝ ለምን ይሸሻሉ ላልሽው፣ እኔ ያየሁት ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ፍርሃት ነው። ደሞዝ ከከፈልን፣ መክፈል ካቆምንበት ቀን ጀምሮ ሰውየው ሥራ ያጣል፣ ጥፋቱ በኛ ይላከካል ብለው ያስባሉ። ሁለተኛው ደግሞ የፋውንዴሽኑ ቦርድ ላይ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ የካምፓኒው የማርኬቲንግ፣ የፋይናንስ፣ የሰው ሀብት ኃላፊዎች መሆናቸው ነው፣ ማሽን መግዛትና ምርቃት ማድረግ ይገባቸዋል፣ አንዲት ሴት ለልጆች ወላጆች ስልክ እየደወለች መዋሏ ግን ምን ተብሎ በስላይድ ይቀርብላቸዋል? ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ነገሩን በቅርብ ያሳያቸው የለም።

ስለዚህ ማሳየቱ ያንቺ ሥራ ነው። "ደሞዝ" ብለሽ ብቻውን አንድ መስመር ላይ አትጻፊው። አስተባባሪዋ የምትሰራው የቢሮ ሥራ ሳይሆን ፕሮግራሙ ራሱ ስለሆነ በጀቱ ላይ በፕሮግራም ወጪ ስር ነው መግባት ያለባት፣ "የልጆች ክትትልና የበጎ ፈቃደኞች ምደባ፣ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት" ብለሽ። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ እንዲያውም ትክክለኛው አጻጻፍ ነው። አስተማሪን ትምህርት ቤት ውስጥ የአስተዳደር ወጪ ነው ብሎ የሚመዘግብ የለም። ብዙ ፎርም ላይ "ለደሞዝ አይውልም" ሲባል ከፕሮጀክቱ ጋር የማይገናኝ ደሞዝ ለማለት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ግን በእርግጥም ምንም ሰው አንከፍልም ማለት ነው። የቱ እንደሆነ ፎርሙ አይነግርሽም፣ ደውለሽ ጠይቂ። ሳይጽፉ በፊት የሚደውሉ ማህበራት እኛ ጋ ከአስር አንድ እንኳን አይሞሉም ነበር፣ የደወለ ሰው ግን ስሙ አይጠፋንም።

ሌላው ደግሞ የራሳችንን ቃል መልሶ የሚግተን ፕሮፖዛል ያሰለቸን ነበር። በጥሪው ላይ "ዘላቂነት" ብለን ከጻፍን በሁሉም ገጽ ዘላቂነት ይመጣል፣ ቁጥሩ ደግሞ ሁሉም ክብ ክብ ነው፣ 500 ተጠቃሚ 1,000 ተጠቃሚ። አንድ ማመልከቻ ግን እስከዛሬ አልረሳም፣ ገጽ ተኩል ነበረች። "ባለፈው ዓመት 31 ልጆች መዝግበን 9ኙ አቋረጡ። አራቱ ሰፈር ቀየሩ፣ ሦስቱ ሥራ ገቡ፣ ሁለቱ ለምን እንደቀሩ አላወቅንም፣ ዘንድሮ ማወቅ እንፈልጋለን" ይላል። ያቺን ወረቀት ይዤ ነው ቦርዱ ፊት የቆምኩት፣ አንድም ሰው አልተቃወመኝም። ያ የአስተባባሪሽ ደብተር እጅሽ ላይ ያለ ምርጥ ማስረጃ ነው፣ እሱን አስቀምጠሽ ታብሌት እንዳትጽፊ።


ሒሳብ_ሠሪዋ

ሰላም ማለዳ። እኔ የትንንሽ ማህበራትን ሂሳብ ነው የምይዘው፣ የቀድሞ_ገምጋሚ ያለው ላይ ሂሳቡን ልጨምርበት።

"ታብሌት ብለን እንጻፍና ከውስጡ ደሞዝ እናወጣለን" የሚለውን እባካችሁ ዛሬውኑ ከቦርዱ ቃለ ጉባኤ አስወጡት። ለአንድ ሥራ ታስሮ የተሰጠ ገንዘብ ለዛ ሥራ ብቻ ነው የሚውለው፣ ለሌላ ካዋላችሁት ምንም ያህል ጥሩ ነገር ብትሰሩበት ውል ማፍረስ ነው። ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው የታብሌቶቹን ደረሰኝና ታብሌቶቹን ራሳቸውን ነው። ፈራሚዋ ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ገንዘብ ያዥ። ሀሳቡን ያመጡት ሰዎች አይደሉም የሚጠየቁት።

በሃቅ የሚሄደው መንገድ የእያንዳንዱን ሥራ ሙሉ ወጪ ማስላት ነው። ብዙ ማህበር በጀት ሲሰራ የሚገዛውን ዕቃ ብቻ ይጽፋል፣ ከዛ በዓመቱ መጨረሻ ፕሮጀክቱ "ተሳክቶ" ማህበሩ ባዶ ይሆናል፣ ምክንያቱም ፕሮጀክቱ የተቀመጠበትን ክፍል ኪራይ፣ መብራቱን፣ ስልኩን፣ የኔን ቢጤ ሂሳብ ሠራተኛ ከሌላ ኪስ ነው ሲከፍል የከረመው። የሰጪው ገንዘብ በመጣ ቁጥር ማህበሩ የባሰ ይደኸያል ማለት ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በገቢ ታይቶ የማያውቅ ጥሩ ዓመት ነበረ የተባለ ማህበር ዓመቱ ባለቀ በማግስቱ ወር ደሞዝ መክፈል አቃተው።

እንዴት ታሰላለሽ፣ በጣም ቀላል ነው። ክፍሉ በሳምንት ስንት ሰዓት ይከፈታል? ከዛ ውስጥ ስንቱ ለዚህ ፕሮግራም ነው? 20 ሰዓት ተከፍቶ 15ቱ ለጥናቱ ከሆነ የኪራዩና የመብራቱ ሦስት አራተኛ የጥናቱ ወጪ ነው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል። የአስተባባሪዋንም እንደዛው በሰዓት ትከፋፍያለሽ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀት ከዛሬ ጀምራ ትሙላ፣ ያለሱ ክፍፍሉ ወሬ ነው። ከዛ በኋላ የሚተርፈው፣ ማለትም ሂሳብ ሥራ፣ ኦዲት፣ የቦርድ ስብሰባ፣ የባንክ ክፍያ፣ እሱ ነው እውነተኛው የአስተዳደር ወጪ። ያኔ 10 በመቶውም ላያንስሽ ይችላል፣ ካነሰሽም ምን ያህል እንዳነሰሽና ልዩነቱን ከየት እንደምትሞይው በጀቱ ላይ ጻፊው እንጂ አትደብቂው።

10 በመቶ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ራሱ የተደራደሩበት የተለየ መጠን ለሌላቸው ድጋፍ ተቀባዮች ያለ ብዙ ማስረጃ የሚፈቅደውን የተዘዋዋሪ ወጪ (የአስተዳደርና የመሳሰለው) መጠን ለዓመታት 10 በመቶ ላይ አቆይቶ በፈረንጆቹ 2024 ኦክቶበር ላይ ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ኮቪድ በገባ በ2020 ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፋውንዴሽኖች ለአንድ ፕሮጀክት አስረው የሰጡትን ገንዘብ ፈተው ለመደበኛ ወጪ አድርጉት ለማለት ቃል ፈርመዋል። ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው፣ ስለዚህ መጠየቅ አትፍሪ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄ እንደየሀገሩ ህግ ነው ግን ጠይቂ። ከአንድ ሰጪ በጣም ብዙ መውሰድ ራሱ ጣጣ የሚያመጣበት ቦታ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ብዙ ማህበራት የህዝብ ማህበር ተብለው ለመቀጠል ከገቢያቸው ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ከብዙ ሰው የመጣ መሆኑን በአምስት ዓመት ሂሳብ ማሳየት አለባቸው፣ ከአንድ ሰጪ የመጣው ደግሞ ከጠቅላላው 2 በመቶ በላይ ያለው በዛ ስሌት ላይ እንደ ህዝብ ድጋፍ አይቆጠርም። አንድ ትልቅ ቼክ ሚዛኑን ሊገለብጠው ይችላል። ገቢያችሁን ግማሽ ከአንድ ቦታ ልታደርጊው ስለሆነ ነው ይሄን ያነሳሁት።


ከዳር_ሆኜ

የሁለቱም ምክር ጥሩ ነው፣ እኔ ግን የገንዘቡ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ ስለዛ የሚያወራ ሰው ስለማይበዛ።

እኛ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርን የምንጠይቅ ማህበር ነበርን። አንድ የካምፓኒ ፋውንዴሽን አገኘን፣ ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፣ ከልባቸው። በመጀመሪያው ዓመት ከገቢያችን ሩቡን ሰጡን፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ዓመት ሰባ በመቶ ደረስን። እኛም ሌላ በር ማንኳኳት አቆምን፣ ለምን እንደክማለን አልን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲያዋጡ የነበሩትን የሰፈር ሰዎች ረሳናቸው፣ ደብዳቤ እንኳን መጻፍ ተውን።

ከዛ ካምፓኒው አዲስ ዋና ሥራ አስኪያጅ መጣለት። አዲሱ ሰውዬ የፋውንዴሽኑ ትኩረት አካባቢ ጥበቃ ነው አለ። በቃ። ፋውንዴሽኑ ውስጥ የምናውቃት ልጅ ደውላ እያለቀሰች ነው የነገረችን፣ እሷም ምንም ማድረግ አትችልም። በሪፖርታችን ላይ አንድ እንከን አልተገኘም እኮ፣ ሥራችን መጥፎ ሆኖ አይደለም የቆመው፣ ርዕሱ ስለተቀየረ ነው።

አንድ እናት ነበሩ ማክሰኞ ማክሰኞ የምጠይቃቸው፣ ዓይናቸው በደንብ አያይም ግን የእግሬን ኮቴ ከደረጃው ያውቁታል፣ ሳላንኳኳ ነው የሚከፍቱልኝ። ቁርጡን የነገርኳቸው ቀን "እናንተ ደክሟችሁ ነው ወይ?" አሉኝ። አይደለም እማማ ገንዘቡ ነው ስላቸው ገንዘብና የኔ ማክሰኞ ምን እንዳገናኘው አልገባቸውም፣ እኔም ማስረዳት አልቻልኩም። አሁን በግሌ እሄዳለሁ፣ ግን ያኔ 60 ሰው ነበር የምንጠይቀው፣ ለ60 ሰው በግሌ መድረስ አልችልም።

ስለዚህ ማለዳ፣ ውሰጂ፣ ግን ወስደሽ እንዳትተኚ። ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂያቸው፣ የምታቆሙ ከሆነ ስንት ወር አስቀድማችሁ ትነግሩናላችሁ በያቸው፣ በጽሁፍ ይሁን። እኛ ያገኘነው ሦስት ሳምንት ነው። የመውጫ ዓመት የሚባል ነገር አለ፣ ድጋፉ በአንዴ ከሚቆም በግማሽ ቀንሶ አንድ ዓመት የሚቀጥልበት፣ አንዳንድ ፋውንዴሽን ከተጠየቀ ይሰጣል፣ ካልተጠየቀ ግን ማን ያስታውሳል።

ታብሌቱን በተመለከተ እኛም አልቀረልንም፣ አንድ ዓመት "የዲጂታል ጤና" ተብሎ የደም ግፊት መለኪያ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ተገዛ። ቻርጀሩ ጠፋ፣ አፕሊኬሽኑ ማደስ ይፈልጋል፣ የሚያድሰው ሰው ደሞዝ ደግሞ በጀቱ ላይ አልነበረም። ካርቶኑ ከነፕላስቲኩ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።


የወንዙ_ማዶ

የሚባለው ሁሉ እንዴት እንውሰድ ነው፣ ከማን እንውሰድ የሚለውን ማንም አላነሳም እኔ ላንሳው።

አንድ ፋብሪካ አጠገብ ነው ያደግኩት። የወንዙ ቀለም በሳምንቱ ቀን ይቀያየር ነበር። የፋብሪካው ፋውንዴሽን የትምህርት ቤታችንን አጥር ቀባልን፣ በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሰቀለ፣ ከዛ በኋላ የወላጅ ኮሚቴው ስለ ወንዙ በስብሰባ ማንሳት አቆመ። ማንም አትናገሩ አላለም፣ ግን እንዴት ይባላል አጥራችሁን የቀባ ሰው ፊት? እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ አሁንም ያ ዝምታ አይረሳኝም። ገንዘቡ ውስጥ ምንም የተጻፈ ቅድመ ሁኔታ ሳይኖር አፍ ይዘጋል። ለዚህ ነው ቦርዳችሁ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ከማን እንደማትወስዱ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ የምለው፣ ቼኩ ጠረጴዛ ላይ ካረፈ በኋላ ማንም በጠራ ጭንቅላት አያስብም። ውሉ ላይም "የካምፓኒውን መልካም ስም የሚነካ ነገር አንናገርም" የሚል አንቀጽ ካለ አስወጡት፣ ካላስወጡት አትፈርሙ።

ካምፓኒ ገንዘብ መስጠቱን አልቃወምም። ድሮ እኮ ካምፓኒ ለበጎ አድራጎት መስጠት ይችላል ወይ የሚለው ራሱ ፍርድ ቤት ያደረሰ ነገር ነበር፣ በፈረንጆቹ 1953 አሜሪካ ኒው ጀርዚ ውስጥ የውሃ ቫልቭና የእሳት አደጋ መከላከያ የውሃ ቧንቧ የሚሰራ ካምፓኒ ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ 1,500 ዶላር ሰጠ ተብሎ ባለአክሲዮኖች የኛ ገንዘብ ነው አሉ፣ ፍርድ ቤቱ ግን መስጠት ይችላል አለ። ህንድ ደግሞ በ2013 በወጣው የካምፓኒ ህግ ትልልቅ ካምፓኒዎች ከሦስት ዓመት አማካይ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶ ለማህበራዊ ሥራ እንዲያወጡ አስገደደች፣ ያውም ለሚሰሩበት አካባቢ ቅድሚያ እንዲሰጡ ህጉ ይላል። ይሄኛውን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ጭሱን የምትተነፍሰው ሰፈር መጀመሪያ ትታያለች። ግን የአካባቢው ሰው መብቱ ነው እንጂ ውለታ አይደለም ብዬ ነው የማስበው፣ ውለታ ነው ብለን ከተቀበልነው አፋችን ይያዛል።


የቀድሞ_ገምጋሚ

የወንዙ_ማዶ፣ ያልከው አመመኝ ግን እውነት ነው። እኛ ጋም አንድ ጊዜ የኮሚዩኒኬሽን ክፍሉ ድጋፍ የምንሰጥባቸውን ቦታዎች ካርታ በካምፓኒው ላይ ቅሬታ ከሚነሳባቸው ቦታዎች ካርታ ጋር ደርቦ አቅርቦ "እዚህ ጨምሩ" አለን። እኔና አንዲት ባልደረባዬ አንፈርምም አልን፣ ያኔ ተሳክቶልናል፣ ሁልጊዜ አልተሳካልንም።

ማለዳ አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ልጨምር። በብዙ ሀገር ፋውንዴሽኑ ከካምፓኒው የተለየ ህጋዊ አካል ነው፣ ገንዘቡን ለካምፓኒው ጥቅም ማዋል አይችልም። አሜሪካ ውስጥ ከ1969 ህግ ጀምሮ ይሄ ጠበቅ ያለ ክልከላ ነው፣ ፋውንዴሽኑ ከፍሎ የካምፓኒው ኃላፊዎች የሚገቡበት የእራት ዝግጅት ትኬት ሳይቀር ችግር ያመጣል። ስም መጠራት፣ ሎጎ መለጠፍ ግን እንደ ምስጋና ስለሚታይ ይፈቀዳል። ስለዚህ ሎጎ ከጠየቁሽ አይክፋሽ፣ ግን የልጆቹ ፎቶ ለካምፓኒው ማስታወቂያ ይሆናል ካሉሽ ያ ሌላ ነገር ነው፣ እንዲህ ያለውን የሚፈልግ የማርኬቲንግ ክፍሉ ነው፣ በማርኬቲንግ በጀት በሌላ ውል በሌላ ዋጋ ይምጣ። የልጆች ፎቶ ላይ ደግሞ የወላጅ ፊርማ ከሌለ ምንም አትስጪ።


ማለዳ_1

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ይሄን ሁሉ ለቦርዱ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ የአረጋዊቷ እናት ጋ ስደርስ ድምጼ ተቆራረጠብኝ። የታብሌቱ ነገር ቀርቷል። ያመጡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ይቅር ያሉት፣ እነሱም ክፍሉ እንዳይዘጋ ጨንቋቸው ነው እንጂ ክፋት የላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደወልኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያነሳችው ልጅ ጥሩ ሰው ናት፣ የአስተባባሪዋን ነገር፣ ደብተሩን፣ ታናሽ እህቱን ይዞ የመጣውን ልጅ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆይታ "የክትትል ሥራ ብለሽ በሰዓት ከፋፍለሽ ከላክሽው እኔ ወደ ኮሚቴው አቀርበዋለሁ፣ ይለፍ አይለፍ ግን ቃል መግባት አልችልም" አለችኝ። የካዝናውን ነገር ስጠይቃት እነሱም በየዓመቱ ከካምፓኒው ነው የሚሞላላቸው። ካቆሙ ስድስት ወር አስቀድመው እንዲነግሩን በጽሁፍ ጠየቅኩ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀን ማህበር አላውቅም ግን እጠይቃለሁ አለች።

በሒሳብ_ሠሪዋ መንገድ ሳሰላው ደግሞ የገረመኝ፣ የጥናት ፕሮግራሙ እውነተኛ ወጪ እስከዛሬ ለሰጪዎች ስንጽፍ ከነበረው በሲሶ ይበልጣል። ሲሶውን ማን ሲከፍለው ነበር ብዬ ሳስብ አስተባባሪዋ ናት፣ ግማሽ ቀን እየተከፈላት ሙሉ ቀን ትሰራለች። እስከዛሬ ማናችንም አልጠየቅናትም። ዛሬ የሰዓት ወረቀቱን ስሰጣት "እውነተኛውን ሰዓት ልሙላው ወይስ የተለመደውን?" አለችኝ። እውነተኛውን አልኳት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቦርዱ ከዚህ ፋውንዴሽን ከዓመት ገቢያችን ከአንድ ሦስተኛ በላይ አንውሰድ ብሎ ወስኗል፣ የቀረውን ከሰፈር ሰው በወር መዋጮ እናሰባስባለን። ጥሪው ላይ ያለው መጠን ግን ከዛ ይበልጣል። ከተፈቀደው ያነሰ ብንጠይቅ እንደ ድክመት ይታይብናል?


የቀድሞ_ገምጋሚ

አይታይም። ለምን እንዳሳነሳችሁት በሁለት መስመር ጻፉበት፣ ቀሪውን ከሰፈሩ እንደምትሰበስቡም ጨምሩ። የካምፓኒው ሰራተኞች ከሰፈራችሁ የሚኖሩ ካሉም ጠይቂ፣ ሠራተኛው ያዋጣውን ያህል ካምፓኒው የሚጨምርበት አሰራር ሊኖራቸው ይችላል፣ ከ1954 ጀምሮ የነበረ ነገር ነው ጀነራል ኤሌክትሪክ የጀመረው፣ ግን ሠራተኛው ራሱ ፎርም ካልሞላ ማንም አይነግርሽም። እና ማመልከቻውን ከመጨረሻው ቀን ሦስት አራት ቀን ቀደም አድርገሽ አስገቢ፣ የመጨረሻው ማታ ፖርታሉ ይጨናነቃል።


ሒሳብ_ሠሪዋ

ማለዳ በጀቱን ስትጨርሺ ቁጥሩን ብቻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከመላክሽ በፊት አንድ ጊዜ ላየው። የአስተባባሪዋ ሙሉ ሰዓት እንዳይቀር።